ሰዓቱ እኩል፣ ምክንያቱ ለየቅል፦ ስብዕናና የኢንተርኔት ሱስ በኮሌጅ ተማሪዎች ዘንድ

አንድ የኮሌጅ ተማሪ በቀን ስድስት ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ያሳልፋል ሲባል አብዛኛው ሰው «ይህማ ለይቶለት ሱሰኛ ሆኗል» ለማለት አይዘገይም። ፍርዱ ግን ከማስረጃው ቀድሟል። ከስድስቱ ሰዓት አራቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ ሲፈለግ ያለፈ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ተጠቅሞ፣ በእነዚያው ሁለት ሰዓታት ጦስ ፈተና የወደቀ፣ ከጓደኛው የተቃቃረና እንቅልፉን ያጣ ተማሪ አለ። ስለዚህ በጉዳዩ ላይ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ሁለት ነገሮችን ያስቀድማሉ። ተማሪው መጠቀሙን ሲያቆም ምን ይሰማዋል? ስልኩን የሚያነሳውስ ምን ሲሆን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ያለ ስብዕና አይመለስም።

«የኢንተርኔት ሱስ» የሚባለው ነገር የተወለደው በቀልድ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቫን ጎልድበርግ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም፣ የሙያ ባልደረቦቹ ለሰው ጠባይ ሁሉ የበሽታ ስም ማውጣታቸውን ለመተቸት ሲል በምርመራ መመሪያ አጻጻፍ የተቀመረ «የኢንተርኔት ሱስ ሕመም» ፈለሰፈ። በዓመቱ ኪምበርሊ ያንግ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ከምሯ ያዘችው። የቁማር ሱስ የሚለይባቸውን መስፈርቶች ወስዳ፣ ቁማር የሚለውን በኢንተርኔት ተክታ ስምንት ጥያቄዎች አዘጋጀች፤ አምስቱን «አዎ» ያለ ሰው ችግር አለበት ተባለ። ኋላ ያወጣችው 20 ጥያቄ ያለው፣ ከፍተኛ ነጥቡ 100 የሆነ መጠይቅ ዛሬም ድረስ በተማሪዎች ላይ በሚደረጉ ጥናቶች በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው።

ይሁን እንጂ ዋናዎቹ የሕክምና መመሪያዎች አጠቃላይ የኢንተርኔት ሱስን እንደ በሽታ አልመዘገቡትም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የኢንተርኔት ጨዋታን ብቻ ለይቶ «ተጨማሪ ጥናት ይሻል» ከሚባሉት ጋር አስቀመጠው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው የጨዋታ ሱስን አካትቷል። ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ቪዲዮ፣ ግብይት፣ ማለቂያ የሌለው ወሬ ቃረማ በስማቸው አልተካተቱም። ስለዚህ እዚህ «ሱስ» የሚለውን ቃል የምጠቀመው ተመራማሪዎቹ በሚጠቀሙበት ልቅ ትርጉም ነው፤ ሰውየው ልተው እያለ የማይተወው፣ ኑሮውን የሚጎዳ አጠቃቀም ማለቴ ነው።

ማርክ ግሪፊትስ የተባሉት እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሱስን ከልማድ ለመለየት እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት መለኪያ ለዚህ ይጠቅማል። ነገሩ የሰውየውን ሐሳብ ሁሉ ተቆጣጥሮታል ወይ? ስሜቱን ለመለወጥ ይጠቀምበታል ወይ? ያንኑ እርካታ ለማግኘት መጠኑን እየጨመረ ነው ወይ? ሲያጣው ይቁነጠነጣል ወይ? ከሰው፣ ከትምህርቱ ወይም ከራሱ ጋር አጋጭቶታል ወይ? ተወት አድርጎት ከቆየ በኋላስ ተመልሶ ይገባበታል ወይ? ስድስቱም ጥያቄዎች ውስጥ የሰዓት ብዛት አልተጠቀሰም።

ጥናቶቹ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ መብዛታቸው አንደኛው ምክንያት ብዙም የሚያስመሰግን አይደለም። ተመራማሪው የሚውለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሆነ ለመጠይቁ ቅርብ የሚያገኘው ተማሪን ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከዕድሜውና ከኑሮው የሚመጣ ነው። ተማሪው ከወላጅ ቁጥጥር ገና መውጣቱ ነው፤ የቀኑ ሰፊ ክፍል በክፍል ትምህርት አልተያዘም፤ ፍላጎትን የሚገታውና መዘዝን የሚያሰላው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ብስለቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን መራቅ አለመቻሉ ነው። መጠጥ ያስቸገረው ሰው መጠጥ ቤት አለመግባት ይችላል፤ ተማሪ ግን የቤት ሥራው፣ የንባብ ጽሑፉና የመምህሩ መልእክት ያሉት ከሚያዘናጋው ነገር ጋር በአንድ ስክሪን ላይ ነው።

ወደ ስብዕና እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የተባሉ ምሁራን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገላብጠው ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቃላት ለቀሙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ እያዋሃዱ፣ በስታትስቲክስ እያጣሩ አምስት ሰፋፊ የባሕርይ ዘርፎች ላይ ደረሱ። እነዚህም የስሜት ስጉነት፣ ጥንቁቅነት፣ ተግባቢነት፣ ለሌላው አሳቢነትና ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ናቸው። አምስቱም በሁሉም ሰው ዘንድ አሉ፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። አብዛኛው ሰው በየዘርፉ መካከሉ አካባቢ ይገኛል። ሰውን በአራትና በአሥራ ስድስት ሳጥን የሚከትቱት የመዝናኛ መጠይቆች ከዚህ ጋር አይገናኙም።

እነዚህን አምስት ዘርፎች ከኢንተርኔት ሱስ ጋር ያነጻጸሩ 12 ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ2016 የቱርክ ተመራማሪዎች አንድ ላይ ደምረው መረመሩ። ያገኙት አቅጣጫ ግልጽ ነው። የስሜት ስጉነት ከፍ ሲል የሱስ ነጥብም ከፍ ይላል። የቀሩት አራቱ ከፍ ሲሉ ደግሞ የሱስ ነጥብ ዝቅ ይላል። አቅጣጫው ብቻውን ግን ምንም አያስረዳም፤ ቁም ነገሩ ያለው በምክንያቱ ላይ ነው።

የስሜት ስጉነት ማለት ጭንቀት፣ ሐዘን፣ ንዴትና እፍረት ቶሎ የሚቀሰቀሱበት፣ ተቀስቅሰውም ቶሎ የማይበርዱበት ዝንባሌ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ጠዋት የሚረከብ ጽሑፍ ያለባት ተማሪ ማታ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ርዕሱን ጽፋለች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጽፋ አጠፋችው፤ ደግማ ጽፋ ደግማ አጠፋችው። ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ከበዳት፤ «አልችለውም» የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። በዚያች ቅጽበት እጇ ስልኳ ላይ አረፈ። የደወለ የለም፤ የመጣ መልእክትም የለም። አውራ ጣቷ ሁለት ሦስት ቪዲዮ እስኪያሳልፍ ድረስ ያ ክብደት ቀለል አለላት።

ልብ በሉ፤ ቪዲዮው አስቂኝ መሆን እንኳ አላስፈለገውም። ያገኘችው ነገር ደስታ ሳይሆን ዕፎይታ ነው። አንጎል ደግሞ ሕመምን ያስታገሠለትን ድርጊት ሽልማት የሰጠውን ያህል ይማረዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው ክብደት ሲመጣ እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ይንቀሳቀሳል። ጽሑፉ ግን እዚያው እንዳለ ነው፤ ጊዜው ብቻ አጥሯል። ስትመለስበት ክብደቱ ላይ ጸጸት ተጨምሮበታል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሽሽት ከመጀመሪያው ይረዝማል። በስሜት የረጋ ተማሪም በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ነገር ግን ያ ክብደት በሳምንት አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋለት ይሆናል። ስጉ በሆነው ላይ በቀን አሥር ጊዜ ይመላለስበታል። ልማዱን የሚያጠናክሩ አሥር አጋጣሚዎች አገኘ ማለት ነው።

ስጉነት የሰው ፍርሃትንም ይጨምራል። ፊት ለፊት ሲያወሩ መልስ ወዲያው ይጠበቃል፤ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ ፊት ይቀላል። በጽሑፍ ሲሆን አስቦ መጻፍ፣ አጥፍቶ ማስተካከል፣ ሲያሻ ዘግይቶ መመለስ ይቻላል። ስኮት ካፕላን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳየው ይህንን ነው። ብቸኝነትና ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ከፊት ለፊት ይልቅ በኢንተርኔት መግባባትን የመምረጥ ዝንባሌ አላቸው፤ መዘዙም ከዚህ ምርጫ ጋር የተያያዘ ነው። ምርጫው በራሱ ጥፋት የለበትም። ችግሩ የፊት ለፊቱ ጭውውት ልምምድ ሲያጣ የበለጠ እየከበደ መሄዱ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ዘርፍ ጥንቁቅነት ነው። ሥራን በሰዓቱ መጨረስ፣ ማቀድ፣ የጀመሩትን ዳር ማድረስ የዚህ ዘርፍ ፍሬዎች ናቸው። ዝቅተኛ ጥንቁቅነት ያለው ተማሪ ስልኩን የሚያነሳው የግድ ስለተጨነቀ አይደለም። ስልኩ እዚያ ስላለና «አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚለውን ሐሳብ የሚገታ ነገር ስለሌለ ነው። ነገ ዛሬ ማለትን በተመለከተ ፒርስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ሰፊ የጥናቶች ድምር ከዚህ ልማድ ጋር በጥብቅ የተሳሰረው ጥንቁቅነት መሆኑን አሳይቷል፤ የስሜት ስጉነት ትስስር ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ጥንቁቅ ተማሪ ሲባል ስልኩን እያየ ጥርሱን ነክሶ የሚታገል ይመስለናል። ራስን መግዛት በሚመለከት የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው። በዚህ ጠባይ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ከሚያማልል ነገር ጋር ሲታገሉ የሚገኙት ከሌላው ሰው ባነሰ ጊዜ ነው። ትግሉን የሚያስቀሩት አስቀድመው ነው፤ ስልኩን ሌላ ክፍል ትተው ይመጣሉ፣ የሚያጠኑበት ሰዓትና ቦታ የታወቀ ነው፣ ጥናቱ ራሱ ልማድ ሆኗል። ስለዚህ «ትንሽ ወኔ ቢኖርህ ኖሮ» የሚለው የቤተሰብ ተግሣጽ ዒላማውን የሳተ ነው። ለዚያ ተማሪ የጎደለው የአሠራር ብልሃት እንጂ ወኔ አይደለም፤ ብልሃት ደግሞ ይለመዳል።

ተግባቢነት ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። ዝምተኛው ሰው ኢንተርኔት ውስጥ ይደበቃል የሚለው ግምት ግማሽ እውነት ነው። ሮበርት ክራውትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካዋ ፒትስበርግ በ73 ቤተሰቦች ውስጥ የሚኖሩ 169 ሰዎችን ኢንተርኔት ቤታቸው ከገባ ጀምሮ ለአንድና ለሁለት ዓመት ተከታትለው፣ ብዙ የተጠቀሙት ሰዎች ከቤተሰብ ጋር መነጋገር እንደቀነሱና ብቸኝነታቸውና ድባቴያቸው በመጠኑ እንደጨመረ ጻፉ። ዓለም ይህን ሲጠቅስ ከርሟል። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ተመልሰው ያወጡት ግን ያን ያህል አይጠቀስም። በኋለኛው ክትትል ጉዳቱ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ በሌላ አዲስ ቡድን ላይ ደግሞ ኢንተርኔት ተግባቢዎችን ይበልጥ ሲጠቅም፣ ዝምተኞቹን ሲጎዳ ተገኘ። ብዙ ወዳጅ ያለው መሣሪያውን ወዳጅነቱን ለማስፋት ተጠቀመበት፤ ለሌለው ግን ወዳጅ አላመጣለትም። ላለው ይጨመርለታል የሚለው አባባል እዚህም ሠርቷል። ያም ሆኖ ተግባቢው ሰው አደጋ የለበትም ማለት አይደለም፤ መልእክት ሳይመልስ ማደር የማይችለው እሱ ነው።

ለሌላው አሳቢነት ዝቅ ሲል የሱስ ነጥብ ከፍ የማለቱ ነገር ከሰው ጋር የመጋጨት ዝንባሌ ጋር ይያያዛል፤ የቅርብ ሰው ተቆጥቶ ቢናገረውም የማይሰማ ሰው አንዱን ልጓም አጥቷል። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንን በተመለከተ ውጤቱ የተዘበራረቀ ነው። ዳሪያ ኩስ፣ ግሪፊትስና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ 2,257 ተማሪዎችን ጠይቀው 3.2 በመቶውን ሱሰኛ ብለው መደቡ። ከፍ ያለ ስጉነትና ዝቅ ያለ አሳቢነት እንደተጠበቀው አደጋውን ጨመሩ። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ግን ከኢንተርኔት ጨዋታ ጋር ሲደመር አደጋውን የሚያባብስ ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ የሚገርመው ሌላው ነው፤ ስጉነት ለብቻው አደጋውን ቢጨምርም፣ ከኢንተርኔት ግብይት ጋር ሲጣመር የተገኘው ውጤት አደጋውን የሚቀንስ ነበር። ያው ባሕርይ ከሌላ አጠቃቀም ጋር ሲገናኝ ሌላ ውጤት ያመጣል ማለት ነው። ስለዚህ «ኢንተርኔት» ብሎ በጅምላ መጠየቅ የሚበቃ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ እነዚህን ጥናቶች በጥርጣሬ እንያቸው፤ ይገባቸዋልና። ያንግ ያዘጋጀችው መጠይቅ ውስጥ አንዱ ጥያቄ፣ ከኢንተርኔት ውጭ ስትሆን ድብርት፣ መነጫነጭ ወይም መረበሽ ምን ያህል ጊዜ ይሰማሃል፤ ስትመለስስ ይለቅሃል ወይ የሚል ይዘት አለው። የስብዕናው መጠይቅ ደግሞ በስሜት ስጉነት ሥር የሚጠይቀው በአጠቃላይ ይደብርሃል ወይ፣ ትረበሻለህ ወይ እያለ ነው። በባሕርይው የሚረበሽ ተማሪ ሁለቱንም «አዎ» ማለቱ ምን ይደንቃል? ሌላው ጥያቄ በኢንተርኔት ምክንያት ውጤትህ ወይም የትምህርት ሥራህ ተጎድቷል ወይ ይላል፤ ይህም ከጥንቁቅነት ጥያቄዎች ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በሁለቱ መካከል የተገኘው ዝምድና በከፊል አንድን ነገር በሁለት ስም ሁለት ጊዜ ከመለካት የመጣ መሆኑ አይቀርም።

ሱሰኛውን ከጤነኛው የሚለየው መስመርም አንድ አይደለም። አንዱ ተመራማሪ 50 ነጥብን ሲይዝ ሌላው 70ን ወይም 80ን ይይዛል፤ በዚህ የተነሳ የአንዱ አገር ተማሪዎች ከሌላው በብዙ እጥፍ ሱሰኞች መስለው ይታያሉ። ሰዎች ስለ አጠቃቀማቸው የሚሰጡት ግምትም ስልኩ ራሱ ከመዘገበው ጋር ሲነጻጸር በደንብ አይገጥምም። የዝምድናው መጠንም ቢሆን ልከኛ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች፣ 0 ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ደግሞ ፍጹም ዝምድና አለ በሚባልበት ሚዛን፣ 0.2 የሚሆን ዝምድና ሲገኝ «ግንኙነት አለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ቁጥር በራሱ ሲባዛ 0.04 ነው። በተማሪዎቹ መካከል ካለው የነጥብ ልዩነት ውስጥ ባሕርይው የሚያብራራው 4 በመቶውን ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው ዘጠና ስድስት በመቶ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ በተማሪው ወቅታዊ ኑሮ፣ በጓደኞቹ፣ በእንቅልፉ፣ በትምህርቱ ክብደት፣ እንዲሁም ሰው እንዳይወጣ ታስበው በሚሠሩት መተግበሪያዎች ውስጥ። የመጨረሻውን የስብዕና ጥናቶች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። መጨረሻ የሌለውን ገጽና በራሱ የሚቀጥለውን ቪዲዮ የፈጠረው የተማሪው ስጉነት አይደለም።

ዶሮዋ ትቅደም ወይስ እንቁላሉ የሚለውም ገና በደንብ አልተቋጨም። አብዛኞቹ ጥናቶች ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ ስጉነት ወደ ስልኩ ይገፋ ወይም በስልክ የተሰበረ እንቅልፍ ስጉ ያድርግ መለየት አይችሉም። ተከታትለው ከጠየቁት ጥቂቶች አንዱ በታይዋን ከኮሌጅ ዕድሜ በታች የሆኑ ከ2,000 በላይ ታዳጊዎችን ለሁለት ዓመት ያየ ጥናት ነው። መጀመሪያ ላይ ችግሩ ካልነበረባቸው መካከል ትኩረት የማጣት ችግር፣ ድባቴ፣ የሰው ፍርሃትና ጠበኝነት የታየባቸው በኋላ ለኢንተርኔት ሱስ ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ቢያንስ በዚህ መረጃ የውስጡ ችግር ከስልኩ ቀድሟል።

እንግዲህ የስብዕና መጠይቅ አስሞልቶ «ይህ ተማሪ ሱሰኛ ይሆናል» ብሎ መተንበይ በ4 በመቶ ማስረጃ ሰውን መክሰስ ነው። መጠይቁ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፤ ችግሩ ከታየ በኋላ ከየት በኩል መያዝ እንዳለበት ይጠቁማል። መተግበሪያ የሚዘጋ ፕሮግራም ጥንቁቅነት ያነሰውን ተማሪ በእጅጉ ሊረዳው ይችላል፤ ጉድለቱ የአካባቢ ዝግጅት ነበርና። ያው ፕሮግራም በጭንቀት የሚሸሸውን ተማሪ ከነክብደቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ጥሎት ይሄዳል፤ ሌላ መሸሻ ሲፈልግ ያድራል። ለእሱ የሚበጀው ጽሑፉን በትናንሽ ክፍል ቆርሶ መጀመር፣ የማይረባ የመጀመሪያ ረቂቅ ለመጻፍ ለራሱ መፍቀድ፣ ጭንቀቱም ከበረታ ባለሙያ ማየት ነው። ብቸኝነት ላስቸገረው ደግሞ ሁለቱም አይበቁም፤ የሚፈልገው ሰው ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ተማሪው ለጥቂት ቀናት ስልኩን ባነሳ ቁጥር ሰዓቱን፣ ከማንሳቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበርና ምን እንደተሰማው በአንድ መስመር ይመዘግባል። መዝገቡ ላይ «ሒሳቡ አልገባኝም»፣ «ተናደድኩ»፣ «ፈራሁ» የሚለው ከበዛ ጉዳዩ ስሜት ነው። «እንዲሁ» የሚለው ከበዛ ጉዳዩ ልማድ ነው። ማታ ማታ ብቻ «ማንም የለም» የሚል ከተደጋገመ ደግሞ መልሱን ራሱ ተናግሯል።

«ተፈጥሮዬ ነው» ለሚል ተማሪ ደግሞ አንድ መረጃ ልጨምር። ከባሕርይ ልዩነት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከዘር ውርስ ጋር ይያያዛል፤ ይህ ግን ባሕርይን የማይነቃነቅ አያደርገውም። ጥንቁቅነት ያለ ምንም ሕክምና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ በአማካይ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ለዚህ ሴሚስተር ፈተና ግን አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2017 ብሬንት ሮበርትስና ባልደረቦቹ 207 ጥናቶችን ደምረው እንዳዩት፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ካገኙ ሰዎች መካከል በአማካይ በ24 ሳምንት ውስጥ የሚለካ የባሕርይ ለውጥ ታይቷል። ለውጡ ከሁሉ ጎልቶ የታየው በስሜት ስጉነት ላይ ነበር።